ሳቢያን ያለው የልጄ መዋያ፦ ሞግዚቶቹ ጥሩ፣ የመውጫ ክፍያው ግን ልክ ያልሆነ

ልጄን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ካለ አንድ የሕፃናት ማቆያ አውጥቻታለሁ። የቤቱን ስም አልጠራም። የብዙ ሴቶች እንጀራ ነው፤ የተጣላሁትም ከእነሱ ጋር አይደለም። ግን ድሬ ላይ ልጁን የት እንደሚያውል የጨነቀው ወላጅ ብዙ ነው። እኔንም መንገድ ላይ አስቁመው የሚጠይቁኝ አሉ። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ። በተለይ ስለ መውጫው። ስለ መግቢያው ሁሉም ያወራል፤ ልጅ ሲወጣ ምን እንደሚጠየቅ ግን የሚነግርሽ የለም።

ከጥሩው ልጀምር። ጥሩው ብዙ ነበር።

እኔ የሕንፃ መሣሪያ ማከፋፈያ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የሚሠራው የጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ቤቱ ከሚያድርበት ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ የሚያድርበት ይበዛል። እናቴ ሐረር ናት። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 የሥራ ቀን ነው፤ እሱ እንደሆነ ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አንዲት ልጅ ቀጥረን ቆየን። እሷ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሳ ልጄ 11 ወሯ ነበር። መስከረም 2017 ላይ ማቆያው አስገባኋት።

ያኔ የሕፃናቱ ክፍል ምድር ቤት ነበር። ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ጥላው መስኮቱን ይሸፍነዋል። ግድግዳው ወፍራም ነው። ድሬ ውስጥ ለኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ስድስት ሕፃናት፣ ሁለት ሞግዚቶች። አንደኛዋ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጄ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስታለቅስ እሳቸው ጀርባቸው ላይ አዝለዋት ግቢውን ይዞሩ ነበር። እንዲህ አድርጉ ያላቸው ሰው የለም። አሁን ድረስ ሳገኛቸው እጃቸውን እስማለሁ።

ከሁሉም የወደድኩት መከታተያ ደብተሩን ነው። እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ደብተር አለው። ምን በላች፣ ስንት ሰዓት ተኛች፣ ዳይፐር ስንት ጊዜ ተቀየረላት፣ አተኮሳት ወይ፤ ሁሉም ይጻፋል። ማታ ይዤው እገባለሁ፣ ጠዋት እመልሰዋለሁ። የቋጠርኩትን አጥሚት ግማሹን ከተወችው «ግማሽ» ተብሎ ይጻፋል። ይሄ ደብተር በኋላ ለክርክሩም ጠቅሞኛል፤ እመጣበታለሁ።

ሰዓቱም ለሠራተኛ የተመቸ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ ማታ እስከ አሥራ ሁለት ይቆያል። ድሬ ሲሞቅ ከተማው ቀትር ላይ ይዘጋል። ሱቁም ቢሮውም ያርፋል። እኔም በዚያ እረፍት ባጃጅ ይዤ እየሄድኩ አጠባት ነበር። አንድም ቀን «አሁን የእንቅልፍ ሰዓት ነው፣ አትግቢ» ያለኝ የለም። ሌላ ቦታ ያስገቡ ጓደኞቼ ይሄን አላገኙም።

ልጆቹ ድብልቅ ናቸው፤ ድሬ እንደዚያው ነው። አንዷ ሞግዚት በኦሮምኛ ታጫውታቸዋለች፣ ሌላዋ በሶማሊኛ ታስተኛቸዋለች። ልጄ አፏን የፈታችው ከአማርኛው ጋር በሦስቱም ነው። በዚህ በጣም ደስ ይለኛል።

ክፍያው እንዲህ ነበር። መመዝገቢያ 1,000 ብር። ወርሃዊ 4,000 ብር፣ ወር በገባ እስከ አምስት ድረስ። ማስያዣ 4,000 ብር። ማስያዣውን ስከፍል «ልጅሽ ስትወጣ ይመለሳል» ተባልኩ። ደረሰኙ ላይም «ማስያዣ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ዘግይቶ ለሚወስድ ቅጣት አለ፤ እሱን አልቃወምም፣ ሞግዚቶቹም ቤታቸው ልጅ አላቸው።

አሁን ወደተበላሸው ልሂድ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ልጄን ታቅፌ ምድር ቤት ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ ተደርድሯል። «ሕፃናቱ ወደ ላይ ወጥተዋል፣ ማሚ» አለችኝ በር ላይ ያለችው ልጅ። ለኬጂ የሚመዘገቡ ልጆች ስለበዙ ምድር ቤቱ ለእነሱ ተሰጥቷል። አርብ ማታ ስወስዳት ማንም አልነገረኝም። ደብተሩ ላይ አልተጻፈም። የወላጆች ቴሌግራም ላይም አልወጣም።

ላይኛው ክፍል ሰገነቱ ላይ በኋላ የተሠራ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ የለውም። አንድ ቬንትሌተር አለ፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ስድስት የነበሩት ሕፃናት አሥራ አንድ ሆነዋል፤ ሞግዚቶቹ ግን ሁለት እንደሆኑ ናቸው። ልጄን አዝለው ያባብሉ የነበሩት ትልቅ ሴት ደግሞ ወደ ማዕድ ቤት ተዛውረዋል።

ሚያዝያና ግንቦት ድሬ ላይ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገረው። ግንቦትና ሰኔ የዓመቱ ዋና ሙቀት ነው። ትልቅ ሰው በሽርጥ ሆኖ፣ በረንዳ ላይ ተኝቶ፣ ውሃ እየጠጣ ነው የሚያልፈው። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ቶሎ ይግላል። ራሱን ማቀዝቀዝ ገና አይችልበትም። ጠማኝ ብሎ አይናገርም። እንዲህ ያለን ልጅ ቀትር ላይ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ማስተኛት በምንም ምክንያት ልክ አይሆንም። የቦታ ጥበት ቢሆን እንኳን።

ልጄ አንገቷና ጀርባዋ ላይ ሽፍታ ወጣባት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ አየቻትና የሙቀትና የላብ ሽፍታ ነው አለችኝ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ትዋል፣ ስስ ልብስ ልበሷት፣ ቅባት አታብዙባት። ሌላ መድኃኒት አልሰጠችኝም። ደብተሩን ገልጬ ሳይ ደግሞ ልቤ ተሰበረ። ምድር ቤት ሳለች ቀትር ላይ «ሁለት ሰዓት ተኛች» ይል የነበረው «አልተኛችም» ወደሚል ተቀይሯል። በነጋታውም «አልተኛችም»። ሞግዚቷ በታማኝነት ጻፈችው። ሌላ ሰው ቢሆን ተኛች ብሎ ያልፈው ነበር።

ሥራ አስኪያጇን በሰላም ነው ያነጋገርኳቸው። ኮርኒስ እናሠራለን አሉኝ። መቼ? ከሰኔ በኋላ፣ ትምህርት ሲዘጋ። ሙቀቱ ግን ሰኔን አይጠብቅም። ቢያንስ ቀትር ላይ ብቻ ምድር ቤት ይተኙ ብዬ ለመንኩ። ኬጂዎቹም በዚያ ሰዓት ይተኛሉ፣ ቦታ የለም ተባልኩ። የግንቦትን ወር ከፍዬ ነበር። ትንሽ ጠበቅሁ። ምንም ሳይቀየር ሲቀር ባለቤቴ በስልክ «አቦ፣ አውጪያት በቃ» አለኝ። እኔም ወስኜ ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ እንደማላመጣት ሳሳውቅ ገንዘብ ተቀባይዋ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱ የሚለው ይሄን ነው። ወላጅ ልጁን ሲያስወጣ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ የአንድ ወር ክፍያ ይከፍላል። ማስያዣው አይመለስም። ስለዚህ የሰኔን 4,000 ብር አምጪ፣ ያስያዝሽውም 4,000 ይቀራል። ድምሩ 8,000 ብር መሆኑ ነው፤ ግንቦትን ሙሉ ከከፈልኩ በኋላ ማለት ነው። እስክከፍል ድረስ ፍራሿ፣ ቅያሪ ልብሷና የክትባት ካርዷ እዚያው ይቆያል ተባልኩ።

በገንዘቡ ተናደድኩ። በካርዱ ግን በጣም ነው የከፋኝ። ካርዱን የሰጠኋቸው ስትመዘገብ ክትባቷን እንዲያዩ ነው። የ15 ወሩን ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት ጥር ላይ ስትወስድ ተቀብዬ መልሼዋለሁ። ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ ይሰጣል፤ ጊዜዋ ደርሶ ነበር። ይሄ የልጅ ጤና ወረቀት ነው። ለዕዳ መያዣ አይሆንም። የሚጠይቁኝ ገንዘብ እውነት ቢሆን እንኳን አይሆንም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ማስታወቂያ መጠየቁን አልቃወምም። አንድ ልጅ በድንገት ሲወጣ ቦታው ባዶ ይሆናል። የሞግዚት ደመወዝ ግን አይቀንስም፣ ኪራዩም አይቀንስም። ማቆያ የሚይዝ ሰው በወላጅ ክፍያ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሁላችንም ዛሬ ብድግ ብለን ብንወጣ ነገ ደመወዝ የምታጣው ያቺ ደብተር የምትጽፈው ልጅ ናት። ስለዚህ አሥራ አምስት ቀን ወይም አንድ ወር አስቀድመሽ ንገሪን ማለት አግባብ ነው።

ግን ማስታወቂያ የሁለት ወገን ነው። እኔ ልጄን ለማስወጣት ሠላሳ ቀን ቀድሜ ልንገር ከተባለ፣ እነሱ ክፍሉን ሲቀይሩ፣ ሞግዚቷን ሲያነሱ፣ የልጆቹን ቁጥር እጥፍ ሊያደርሱ ሲሉ አንድ ቀን እንኳን ቀድመው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። የከፈልኩት ለዚያ ምድር ቤት ነው። ለዚያ ጥላ ነው። ለስድስት ሕፃናትና ለሁለት ሞግዚት ነው። አገልግሎቱን መጀመሪያ የቀየሩት እነሱ ናቸው፤ እኔ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ደንቡን የት ነው ያየሁት? ፈርመሻል አሉኝ። እሺ፣ የፈረምኩትን አሳዩኝ አልኩ። ከፋይሉ አወጡት። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። የልጅ ስም፣ የልደት ቀን፣ የምትታመምበት ነገር ካለ፣ የእናትና የአባት ስልክ፣ ልጁን እንዲወስዱ የተፈቀደላቸው ሁለት ሰዎች፣ ወርሃዊ ክፍያና የመክፈያ ቀን። አለቀ። ስለ መውጫ አንድ መስመር የለም። ታዲያ ደንቡ የታለ ስል የካቲት ላይ ቴሌግራም የተላከ «የወላጆች መመሪያ» የሚል ፋይል አሳዩኝ። ልጄ ከገባች አምስት ወር ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ፋይሉ ተልኳል። ግን ተስማምተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ አልፈረምኩም።

ከምሠራበት ሱቅ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ጠበቃ አለ። ደንበኛችን ነው። ሻይ ጠጣንና ወረቀቶቹን አሳየሁት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አሁንም የሚሠራ ነው አለኝ። ቁጥር 1686 ላይ፣ አንድ ወገን ለብቻው ያወጣው የንግድ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው ያ ሰው ደንቡን አውቆ ከተቀበለው ነው፣ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ያዘዘው ወይም ያጸደቀው ከሆነ ነው። ቁጥር 1738 ደግሞ፣ አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል ይላል። «ማስያዣ» የሚለው ቃል ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚያከራክር ከሆነ፣ ቃሉን የጻፉት እነሱ ናቸው።

ግን አስጠነቀቀኝም። ቅጹ ላይ «የአንድ ወር ማስታወቂያ» የሚል ቃል ቢኖርና ብፈርምበት ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ያኔ የምከራከረው ስለ ክፍሉ መቀየር ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ይሄን የምታነቡ፣ የእኔን ክርክር እንዳለ አንስታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ቅጽ እዩ። ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ባይስማሙስ አልኩት። ለእንዲህ ያለ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አለ፣ ግን መጀመሪያ በደብዳቤ ጠይቂ አለኝ። በቃል ያወራሽው ነገ ይካዳል፤ ወረቀት ግን ይቀመጣል።

ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። አጭር ነው። ለሚጠቅመው እነሆ፦

«ልጄን ከግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ማቆያው አላመጣም። የግንቦትን ወር ክፍያ ሙሉ ከፍያለሁ። ስመዘገብ በፈረምኩት ቅጽ ላይ ስለ መውጫ ማስታወቂያ ክፍያ የተጻፈ ነገር የለም። የሕፃናቱ ክፍል ሳይነገረን ተቀይሯል፤ ከዚያ ወዲህ ልጄ ቀን እንዳልተኛች የራሳችሁ መከታተያ ደብተር ያሳያል። ስለዚህ ያስያዝኩት 4,000 ብር፣ የክትባት ካርዷና ዕቃዎቿ እንዲመለሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አተምኩት። አንዱን ሰጠሁ፤ ሌላው ላይ «ደርሶናል» ብለው ቀን ጽፈው እንዲፈርሙልኝ አደረግሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ መጀመሪያ መፈረም ፈራች። መድረሱን ብቻ ነው የምትፈርሚው፣ መስማማትሽን አይደለም ስላት ፈረመች። ከመከታተያ ደብተሩ ላይ ደግሞ የሚያዝያንና የግንቦትን ገጾች ቀድሜ በስልኬ አንስቻቸው ነበር። ደረሰኞቼንም አያያዝኳቸው። ደብዳቤው ላይ ስድብ የለም፣ ማስፈራሪያም የለም። እውነቱ ራሱ በቂ ነበር።

መልስ ሳይመጣ ቆየ። ስደውል ሥራ አስኪያጇ ስብሰባ ላይ ናቸው እባላለሁ። ነገሩን ያንቀሳቀሱት የልጅ ልጃቸውን እዚያ የሚያመጡ አንድ ጋሼ ናቸው። የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ሳቢያን ውስጥ የሚከበሩ ሰው። ጠዋት በር ላይ ሰላም ስንባባል ነው የምንተዋወቀው። ሲሰሙ ራሳቸው «እኔ ልገኝ» አሉ።

ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጇ የደንቡን ወረቀት አንስተው ማንበብ ጀመሩ። ጋሼ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ሕፃናቱን ወደ ላይ ስታወጧቸው ለወላጅ ከስንት ቀን በፊት ነገራችሁ?» ሥራ አስኪያጇ ዝም አሉ። ከዚያ በእውነቱ ጨዋ ሴት ናቸውና «አልነገርንም» አሉ። ስለ ራሳቸውም አወሩን። ኪራይ ጨምሮባቸዋል። ኬጂው ባይሞላ ቤቱን ሊዘጉ ነበር። ሰማኋቸው፤ አዘንኩላቸውም። ግን የኪራዩ መጨመር ልጄ ላይ በሙቀት መልክ ሊመጣ አይገባም ነበር። ይሄንንም ነገርኳቸው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። የሰኔ ክፍያ ቀረ። ካርዷ፣ ፍራሿና ልብሷ የዚያኑ ዕለት ተሰጡኝ። ከማስያዣው 1,000 ብር እንዲቀር እኔ ፈቀድኩ፤ የአንድ ሳምንት ያህል ማለት ነው። ሕግ አስገድዶኝ አይደለም። ጋሼ «ለእሷም ትንሽ ይቅለላት» ስላሉ፣ እኔም ከዚያ ቤት ሞግዚቶች ጋር በሰላም መለያየት ስለፈለግሁ ነው። የቀረው 3,000 ብር በቴሌብር ሊላክልኝ ተስማማን። በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ከብዙ ማስታወስ በኋላ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞላ። ይሄ መዘግየቱ ደስ አላለኝም። ሲያስይዙ በአንድ ቀን፣ ሲመልሱ በወር ሊሆን አይገባም።

በመሀሉ ልጄን የያዘችልኝ እናቴ ናት። ከሐረር ወረደችልኝ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ሙቀቱ ፊት ለፊት ነው የሚቀበለው። እናቴ ቻለችው፤ ግን በዚህ ዕድሜዋ የግንቦትን ድሬ እንድትለምድ መጠየቅ ከባድ ነው። አንድም ቀን አላማረረችም። ዕድሜ ይስጥልኝ።

አሁን ልጄ «ከዚራ» የሚባለው ሰፈር ያለ አነስተኛ ማቆያ ገብታለች። ቤቱ ጥንታዊ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው። 4,500 ብር ነው፤ ይወደዳል። መከታተያ ደብተር የላቸውም፣ በቃል ነው የሚነግሩኝ። ይሄ ይጎድለኛል፤ እንዲጀምሩ ጠይቄያለሁ።

እዚህ ስመዘገብ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ መውጫው ነው። ሴትየዋ ገርሟቸው «ገና ሳትገባ?» አሉ። አዎ፣ ገና ሳትገባ። ቅጹ ላይ የአሥራ አምስት ቀን ማስታወቂያ አለ። ጥሩ ነው፣ እቀበላለሁ አልኩ። ግን ከሥሩ በእስክሪብቶ ሌላ መስመር ጨመርን። ማቆያው ክፍል፣ ሞግዚት ወይም ክፍያ ሲቀይር እሱም ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ያሳውቃል፤ ካላሳወቀ ወላጅ ያለ ምንም ክፍያ ልጁን ማስወጣት ይችላል። ማስያዣውም ልጅ በወጣች በአሥር ቀን ውስጥ ይመለሳል። የክትባት ካርዱ ኮፒው ብቻ ነው የሚቀረው፤ ዋናው እኔ ጋ ነው። ሁለታችንም ፈረምን። አልተቆጡም። እንዲያውም ለሌሎቹ ወላጆችም እንዲሆን ቅጹ ላይ ሊያሳትሙት እንደሆነ ነገሩኝ።

የሳቢያኑን ቤት በተመለከተ ብያኔዬ ይሄ ነው። ልጃችሁ ኬጂ የደረሰ ከሆነ ግቡ። ምድር ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግቢው ጥላ ነው፣ ሰዓቱ ለሠራተኛ ይመቻል፣ ሞግዚቶቹም ልጅ ይወዳሉ። ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ግን ሰገነቱን ሳታዩ አትክፈሉ። ስታዩም ጠዋት አትሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም ቦታ ቀዝቃዛ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሂዱና ላይ ወጥታችሁ ትንሽ ቁሙ። በቅርቡ ያገኘኋት አንዲት እናት ኮርኒሱ መሠራት ጀምሯል ብላኛለች። ሲያልቅ ሄጄ አያለሁ፤ እውነት ተሠርቶ ካገኘሁትም ይሄን ጽሑፍ አስተካክለዋለሁ።